ለሠላሳ አንድ ዓመት ጊዜያዊ የነበረ ጣውላ

ያንን ጣውላ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ግንበኛው የሳሎናችንን የድንጋይ ምድጃ ሠርቶ ሲጨርስ ለገና አምስት ቀን ቀርቶታል። ምድጃው ራሱ ግሩም ነው፤ ከበላዩ ግን ባዶ ድንጋይ ነው፣ መደርደሪያ የለውም። ባለቤቴ አርሊን ደግሞ ስጦታ የሚከተትበትን የልጃችንን የዴኒዝን የገና ካልሲ ከምድጃው በላይ ሳትሰቅል በዓሉን ልትውል አልፈለገችም። "ካልሲ ካልተሰቀለ ገና አይደለም፣ ተራ ማክሰኞ ነው" አለችኝ። ወደ ጋራዥ ሄድኩና አንድ ያልተላገ የጥድ ጣውላ አንስቼ፣ በሁለት ብረት ደግፌ ድንጋዩ ላይ ቸከልኩት። "ይሄ ለጊዜው ነው፤ በጥር ዋናውን እሠራልሻለሁ" አልኳት። የትኛው ጥር እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።

ዴኒዝ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። አሁን አርባ አንድ ሆኗታል።

እንጨት መሥራት የማልችል ሰው ብሆን ነገሩ ይህን ያህል ባልቆጨኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ መተዳደሪያዬ የከተማችንን የበረዶ መጥረጊያ መኪና መንዳት ነበር፤ ነፍሴ ግን ጋራዡ ውስጥ ነበረች። መኪና ገብቶበት በማያውቀው በዚያ ጋራዥ አሥራ አንድ የምድጃ መደርደሪያ ሠርቻለሁ። በእኛ ሸለቆ፣ ቨርሞንት ውስጥ፣ የፓስተሩ ሳሎን ብትገቡ የእኔ እጅ አለ፤ የጥርስ ሐኪሙ ቤት ብትገቡም አለ። የጎረቤቴን የሮስኮን በአምስት ሳምንት ሠርቼ ነው የገጠምኩለት። ሮስኮ ምስጋና ከአፉ የማይወጣ ሰው ስለሆነ "ምድጃዬ ከእኔ የተሻለ ለበሰ" ብቻ አለኝ። ጉራ እየነዛሁ እንዳይመስላችሁ። ለነገሩ እየነዛሁ ነው።

ለቤታችንም አልሠራሁም አይባልም። ሦስት ጊዜ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው የኦክ እንጨት ነበር፤ ሊገጠም ወደ ሳሎን ስናስገባው የግራው እግር ከቀኙ በፀጉር ያህል አጥሮ አየሁት። አርሊን አላየችውም። ውሃ ልክ ካልያዘ ማንም አያየውም። እኔ ግን አየሁት፣ ካየሁት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን የዕጣ ሽልማት ሰጠሁት። ሁለተኛውን የክፈፉ ቅርጽ አስጠላኝና ቆራርጬ የመሣሪያ ሣጥን አደረግኩት። ሦስተኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ የተሻለ አሠራር ተማርኩና እንደገና እጀምረዋለሁ ብዬ ተውኩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኔ እንቁላል ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደተኛ ነበር።

"ኦሪን፣ ፈትቼህ ጎረቤትህ ብሆን ሳይሻለኝ አይቀርም" ትለኝ ነበር አርሊን፣ "ለጎረቤት ሲሆን በአምስት ሳምንት ትጨርሳለህ።"

"የጎረቤቱን እንከን ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አላየውም። እዚህ ግን እኔ ነኝ የምኖረው።"

"እኔስ የት ነው የምኖረው?"

በዚህ እንሳሳቅ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ግን ሳቄ ይጠፋል። አናጢ ነኝ የምል ሰው፣ በገዛ ሳሎኔ ያንን ሻካራ ጣውላ ሰው ሲያየው ጆሮዬ ድረስ እቀላለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ "እሱ ለጊዜው ነው" እላለሁ። ሮስኮ አንዴ "ሕይወትም ለጊዜው ነው፣ ወዳጄ" አለኝና ያቀረብንለትን የፖም ኬክ መብላቱን ቀጠለ።

አርሊን ግን በጣውላው ኖረችበት። በየገናው ሚስማር ይጨመርበታል፤ መጀመሪያ ለዴኒዝ፣ ኋላ ለባሏ፣ ከዚያ ለልጆቻቸው፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ለውሻ። ሚስማሮቹን የምትመታው ራሷ ስለነበረች አንዳቸውም ቀጥ ብለው አልገቡም። ግራ ጫፉ ላይ ሻማ ያሳረረው ጥቁር ክብ አለ። ቀኝ ጫፉ የመኪና ቁልፍ ማስቀመጫ ነው። ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት ስታልፍ እጇን ከዳር እስከ ዳር ታሳልፍበታለች፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ጣቷ ላይ ስንጥር ገብቶባት በወረንጦ ሳወጣላት "በቃ፣ በሚቀጥለው ወር እነቅልልሻለሁ" አልኳት። "ምን አጠፋ?" አለችኝ። የቀለደች መሰለኝ።

ሕመሟ የጀመረው በጥቃቅኑ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ እራት ባቄላ ስትሠራ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረችበት። የሜፕል ሽሮፑን ጠርሙስ ከልብስ ማጠቢያው ውስጥ አገኘሁት። የልጅ ልጆቻችንን ስም ታምታታ ጀመር፤ እኔም አምታታለሁ ብዬ አለፍኩት። ሐኪሙ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ የበሽታውን ስም ሲነግረን አርሊን "ግድ የለም፣ እረሳዋለሁ" አለችው። ሐኪሙ ይሳቅ አይሳቅ ጨነቀው። እኔ ስቄ መኪና ውስጥ ስገባ አለቀስኩ።

በየሳምንቱ የምትመጣው ነርስ አንድ ወረቀት ሰጠችኝና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። በትልልቅ ፊደል ከተጻፉት ነገሮች የመጀመሪያው "በቤቱ ውስጥ ምንም ነገር አይቀይሩ" ይላል። ይሄን ቃል እንደ ጸሎት ነው የያዝኩት። ወንበር አላንቀሳቀስኩም። የተቀደደውን ምንጣፍ እንኳ ዴኒዝ አዲስ ገዝታ ስትመጣ አላስነካኋትም።

ዴኒዝ ከእኛ የሦስት ሰዓት መንገድ ትርቃለች። በመስከረም መጣችና እናቷ ሸለብ ስታደርጋት ወጥ ቤት ውስጥ አስቀምጣ አነጋገረችኝ።

"አባዬ፣ እኔ ቤት አጠገብ ያለውን መንከባከቢያ ሄጄ አየሁት። ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው።"

"እናትሽ ቤት አላት።"

"አውቃለሁ። ቤቷን እስካወቀች ድረስ እዚሁ ትሁን፣ እኔም አልፈልግም ልወስዳት። ግን የት እንዳለች የጠፋት ቀን፣ በዚህ ብርድ ብቻዋን ወጥታ የሄደች ቀን፣ ያኔ አትከራከረኝም። ቃል ግባልኝ።"

ገባሁላት። ምንም አልከበደኝም። አርሊን አልፎ አልፎ የእኔን ስም ብትስትም ቤቷን ስታ አታውቅም። መታጠቢያ ቤቷን፣ ወጥ ቤቷን፣ አልጋዋን ማንም ሳይመራት ታገኛለች። ሌላው ሁሉ ሲሄድ ቤቷ አብሯት ነበር፤ ቤቷ እስካልጠፋት ድረስ እኔም አብሬያት እንደምሆን ነበር የገባኝ።

ያን ሰሞን ነው ታዲያ ያ ሐሳብ የያዘኝ። መደርደሪያዋን መጨረስ አለብኝ። ቃል የሚፈጸመው ቃሉን ለሚያስታውስ ሰው ነው፤ አንድ ክረምት ካለፈ አርሊን የገባሁላትን ቃል ቀርቶ የገባላትን ሰው ላታውቀው ትችላለች። ዓይኗ አይቶ "አዬ፣ በስተርጅና ጨረስከው" እስክትለኝ ቸኮልኩ። ያቺን አንዲት ተረብ ከአፏ ለመስማት ስል ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

እንጨቱ ነበረኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሮስኮ ግቢ ነፋስ አንድ ትልቅ የቼሪ ዛፍ ጥሎ ነበር፤ አሰንጥቄ ጋራዡ ጣሪያ ሥር ደርድሬ አድርቄዋለሁ። ቼሪ ሲላግ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ነው እየደመቀ የሚሄደው። በየጠዋቱ አርሊንን የእኔን ወፍራም ካፖርት አልብሼ፣ ትንሿን ማሞቂያ እግሯ ሥር አድርጌ ጋራዡ ውስጥ አስቀምጣታለሁ። ብሎን በየመጠኑ ትለቅምልኛለች። መላጊያውን ስገፋ የሚወጣውን ቀጭን ጥቅል ታነሳና ጣቷ ላይ እንደ ቀለበት ትጠመጥመዋለች። ስንጋባ እንኳ እንዲህ ያሉ ረጋ ያሉ ጠዋቶች አልነበሩንም። ያኔ በረዶ ስጠርግ ነበር የማድረው።

አስቸጋሪው ጀርባው ነው። የምድጃችን ድንጋይ ከወንዝ የተለቀመ ስለሆነ አንዱ ያብጣል፣ አንዱ ይሰረጉዳል፤ እንጨቱ እያንዳንዱን ጉብታ ተከትሎ ካልተቆረጠ ክፍተቱ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ሆኖ ይታያል። የድንጋዩን ቅርጽ በክብ መሳያ ኮምፓስ ካርቶን ላይ ገለበጥኩ፣ ከካርቶኑ ወደ እንጨቱ አሻገርኩ፣ ከዚያ በመሮና በሞረድ ቀስ እያልኩ አወጣሁት። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በዚህ ጊዜ ሁሉ እንከን ፈልጌ አላገኘሁም፤ ወይም ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።

"ምንድነው የምትሠራው?" አለችኝ አርሊን አንድ ቀን።

"የምድጃ መደርደሪያ።"

"ለማን?"

"ላንቺ ነዋ።"

"እኔማ አለኝ" አለችና ብሎኗን መልቀም ቀጠለች።

ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ያንን ሳቅ የት አባቴ ልቅበረው።

ሮስኮ በኅዳር መጨረሻ ላይ ሊያይ መጣ። ዛፉ የእሱ ስለነበረ እንደ አማች ነው የሚያደርገው። እንጨቱን ዞሮ ዞሮ አየና "ምን አስቸኮለህ? ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ እኮ ነው" አለኝ።

"ከጨረስክ ውጣ፣ ብርድ ታስገባለህ።"

"አሮጌውን ምን ልታደርገው ነው?"

"አነደዋለሁ።"

"እዚያው ትተኸው አዲሱን ብታለብሰውስ? ውስጡን ፈልፍለህ እንደ እጅጌ ብታጠልቀው ይሆናል እኮ።"

ይሆናል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ የድሮ ወፍራም እንጨት በአዲስ ጣውላ መሸፈን የታወቀ ዘዴ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "በቆሸሸ ሸሚዝ ላይ ኮት አልደርብም" አልኩት።

"እሺ ጌታው" አለ ሮስኮ። "እኔ ሸሚዙ የማን እንደሆነ ብዬ ነው።"

በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት ዴኒዝ እናቷን ፀጉር ልታሠራትና ምሳ ልትጋብዛት ወደ ከተማ ይዛት ሄደች። እኔን ብቻዬን ለመተው ነው፤ አስቀድመን ተነጋግረናል። መኪናው ከዓይኔ እንደራቀ መንቀያውን ይዤ ገባሁ። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፤ ብረቶቹ ዝገው ስለነበር ከድንጋዩ ለማላቀቅ ታገልኩ። ጣውላውን በመጋዝ አራት ቦታ ቆረጥኩት። ከዚያ አዲሱን አነሳሁ። እንጨት ከእሳት በቂ ርቀት ሊኖረው ስለሚገባና አሮጌው በችኮላ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ስለነበር አዲሱን አራት ኢንች ከፍ አድርጌ ገጠምኩት። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ወረቀት አያሾልክም። ዘይት ቀብቼ ወለወልኩት፣ ሳሎኑ ያበራ መሰለኝ።

የመጀመሪያውን እሳት ያነደድኩት በአሮጌው ጣውላ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለደረቀ ወዲያው ተያያዘ። ወንበሬን ስቤ እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጬ አየሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ሲመለሱ አርሊን ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ጉንጯ በብርዱ ቀልቶ ቆንጆ ሆና ነበር። ከበሩ ሁለት እርምጃ ገባችና ቆመች። ቀኝ እጇ ከጎኗ ትንሽ ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ።

"እማዬ፣ እይው እስቲ" አለች ዴኒዝ።

አርሊን ምድጃውን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ በትሕትና ፈገግ አለች። "እጅግ ያምራል። ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኛ።"

"እጅዎ ይባረክ" አለችኝ።

ዴኒዝ ሳቀች፤ እናቷ የፈዘዘች ቀን እንኳ ቀልድ አታጣምና ልትተርበኝ ብላ አንቱ ያለችኝ መሰላት። እኔም ይህንኑ ለማመን ሞከርኩ። አርሊን ግን ካፖርቷን አላወለቀችም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሻይ ቀረበላት፣ ጠጣች፣ ኩባያውን በጥንቃቄ አስቀመጠች። "እንግዲህ ልሂድ፣ ይመሽብኛል" አለች።

ድካም ነው አልን። እንቅልፍ ሲወስዳት ያልፍላታል አልን። በማግስቱ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስትወጣ አየኋት። እጇን እንደ ወትሮዋ ዘረጋችና ጣውላው በነበረበት ቦታ ድንጋይ ነካች። ከፍ አላደረገችውም፤ እጇ የሚያውቀው ያንን ከፍታ ነው። ድንጋዩን ዳሰሰች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ዳሰሰች። ከዚያ ወጥ ቤት መስሏት የምድር ቤቱን በር ከፈተች። ደርሼ ያዝኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መታጠቢያ ቤቷን ያለ መሪ አላገኘችም።

ያኔ ነው ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ወረቀት ሄጄ እንደገና ያነበብኩት። ወንበር ያላንቀሳቀስኩ፣ የተቀደደ ምንጣፍ ያላስቀየርኩ ሰው ነኝ። ጣውላው ግን በእኔ ዓይን ከቤቱ ዕቃ አንዱ አልነበረም፤ ያልተሠራ ሥራዬ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳየው የማየው ኀፍረቴን ነው። እሷ እጇን የምታሳልፍበት ነገር መሆኑን አንድም ቀን አላየሁም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ደግሞ ሻካራ ጣውላ መሥራት ጀመርኩ። ያልተላገ ጥድ አመጣሁ። በጥንቱ ከፍታ፣ ከአዲሱ መደርደሪያ ሥር ቸከልኩት። ሚስማር መታሁበት። በሻማ ክብ አሳረርኩበት። አርሊን መጥታ እጇን አሳለፈችበትና ጣቷን አሸተተች። ጥዱ ገና የጫካ ሽታው አልለቀቀውም። "እዚህ ቤት ጥገና ላይ ናችሁ መሰለኝ" አለችኝ፤ ሰው ላለማስቀየም እንደምትጠነቀቅ እንግዳ።

ሌላ ሞከርኩ። ጣውላው ያረጀ እንዲመስል በሰንሰለት ቀጠቀጥኩት፣ የሻይ ውሃ ቀባሁት። ሚስማሮቹ ግን ቀጥ ብለው እየገቡ አስቸገሩኝ። አምሳ ዓመት ሚስማር ቀጥ አድርጎ መምታት የለመደ እጅ እሷ እንደምታጣምመው ማጣመም አይችልም። ሐሙስ ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ ሆኜ ሚስማር ለማጣመም ስታገል፣ አርሊን በሳሎኑ በር ወጥታ ሄደች።

ያመጣት ሮስኮ ነው፤ በጭነት መኪናው ውስጥ በእሱ ጃኬት ተጠቅልላ። የቤት ጫማ ነበር ያደረገችው፤ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚቷ አርሷታል። ሶፋው ላይ አስቀምጠን እግሯን በፎጣ ካሸን በኋላ ሮስኮ ወደ በሩ ሳብ አደረገኝ።

"ድልድዩ ላይ ነው ያገኘኋት። ወዴት ነው ስላት ቤቴ አለችኝ። ያው ቤትሽ ከኋላሽ ነው አልኳት።"

"ምን አለች?"

"'ያ የሰው ቤት ነው' አለች። 'የኦሪን ቤት ጣውላ አለበት' አለችኝ።"

ተረብ የማያጣው ሮስኮ ዓይኑን ከእኔ አሸሸና ኮፍያውን አደረገ። ምነው በሰደበኝ ብዬ ተመኘሁ። ለዴኒዝ ማንም ሳያስገድደኝ እኔው ራሴ ደወልኩላት። ቃሌን በሰዓቱ የፈጸምኩት በዕድሜዬ ያኔ ብቻ መሆን አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት መጣች። የእናቷን ልብስ በሁለት ሻንጣ ስታደርግ እኔና አርሊን ሳሎን ተቀመጥን። አርሊን ካፖርቷን ለብሳ ቦርሳዋን ይዛ ነበር፤ በመጨረሻ ወደ ቤቷ የሚወስዳት ሰው በመምጣቱ ፊቷ ፈክቷል። እሳቱን አነደድኩ። እሷ መደርደሪያውን ታየዋለች።

"ይሄን የሠራው ሰው ግን እጁ ግሩም ነው" አለችኝ።

"አመሰግናለሁ።"

"ባሌም እንዲህ ያለ እየሠራልኝ ነው። ጋራዥ ውስጥ።"

"ቆየ?"

"ኧረ ተዉኝ" አለች እየሳቀች። "ጎረቤቱ ብሆን ኖሮ ደርሶልኝ ነበር።"

አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ እኔም አንቱ አልኳት፤ ወደ እሷ የምገባበት ሌላ በር አልነበረኝም። "ባለቤትዎ ታዲያ ለምን አይጨርሰውም?"

"እንከን ይፈልጋል። ካጣ ደግሞ ይሠራል።" ዴኒዝ ወዳለችበት ክፍል ዘወር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንድ ነገር ልንገርዎት? እኔ እኮ የድሮው ጣውላዬ ይበቃኛል። የልጄ ሚስማር አለበት። የሁሉም ሚስማር አለበት። በእጄ ስነካው ሁሉም ቤት የገቡ ይመስለኛል። እሱ ግን ያፍርበታል፣ እንግዳ ሲመጣ ፊቱ ይቀላል።"

"ለምን አልነገሩትም ታዲያ?"

"እንዴት ብዬ? ያን ሁሉ ዓመት ለእኔ ብሎ ሲለፋ፣ አልፈልገውም ብለው ምን ይሆናል? ስነዘንዘው ደስ ይለዋል። እንዳይከፋው ብዬ ነው የምነዘንዘው።" ጓንቷን አጠለቀች። "እንዳይነግሩብኝ አደራ።"

"አልነግረውም" አልኳት።

ዴኒዝ ሻንጣዎቹን መኪናው ውስጥ ጭና መጣችና "እማዬ፣ እንሂድ" አለቻት። አርሊን ተነሥታ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ስለ መስተንግዶዬ አመሰገነችኝና ወደ ቤቷ ልትሄድ ወጣች።